ባለቤቱ ያልመጣ አምባር

ባሌ ሸዋንግዛው አዲስ ዕቃ ሠርቶ የሚያስረጅ ሰው ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ስቄያለሁ። ሌላው ያረጀበትን ለማሳደስ ሲለፋ፣ የእኔው ሰውዬ ገና እርጥበቱ ያልወጣለትን እንጨት የቅድመ አያት ዕቃ ለማስመሰል ጠዋት ማታ ይደክማል። ከገዘር ወደ ጂንካ ስዳር ናስ የሚያቀልጥ፣ ቀንድ የሚያለሰልስ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለሙያ ነው ተብዬ ነው። እናቴ የአንጥረኛ ነገር ስላልተዋጠላት «ዓይኑን ጠብቂ» ብላ በጆሮዬ ነግራኛለች። እኔ ዓይኑን ስጠብቅ እጁን ረሳሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ንጉሤ የሚባል ነጋዴ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ከአዲስ አበባ እየመጣ ሥራችንን ይወስድ ነበር። እውነተኛው አሮጌ ዕቃ ከየመንደሩ ተለቅሞ አልቋል፤ የተረፈውን ይዞ መገኘት ደግሞ ቅርስ መዝረፍ ነው ተብሎ ያሳስራል። ንጉሤ ለዚህ መላ አገኘ። ኬላ ላይ ሲጠይቁት ትናንት የተሠራ ነው ይላል፤ ሱቁ ሲደርስ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ነው ይላል፤ በሁለቱም ቦታ ይታመናል። አፈ ቅቤ ነው፤ ልቡን ግን መርምሬ አላውቅም። ዕቃውን ሁሉ «አንቲካ» ብሎ ስለሚጠራው እኔም ንጉሤ አንቲካው እለው ነበር።

ሸዋንግዛው የማይሠራው የለም። የሐመርና የዳሰነች ወንዶች አንገታቸውን አሳርፈው የሚተኙበትን በርኩማ ይጠርባል። ከሰሜን የመጡት የነፍጠኛ አያቶች ጠጅ የጠጡበትን ዓይነት የቀንድ ዋንጫ ይሠራል። ንጉሤ ከፈረንጅ መጽሐፍ ገንጥሎ ባመጣለት ሥዕል የሐረር የአንገት ድሪና የጎንደር የእጅ መስቀል ሠርቷል፤ የጥይት ቀለህ አቅልጦ የናስ አምባር ያወጣል። ያላየውን አገር ዕቃ ሲሠራ እንኳ እዚያው ያደገ ይመስላል።

ማስረጀቱ የእኔ ድርሻ ነበር። ናሱን በጨውና በሎሚ አሽቼ እበት ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ እንጨቱን በቅቤና በጥላሸት አሸዋለሁ፤ በርኩማውን ደግሞ እተኛበታለሁ። የሰው አንገት የሚያወጣውን ልስላሴ ሞረድ አያወጣውም። አንድ ክረምት ሙሉ አንገቴ ተጣሞ ከርሞ፣ ጎረቤቴ ብዙወርቅ ባልሽ ይመታሻል እንዴ ብላ እስከ መጠየቅ ደርሳለች።

ብዙወርቅ ፖሊስ ባሏ ሞቶባት ከኦሞራቴ ወደ ጂንካ የመጣች፣ በዕድሜ ታላቅ እህቴ የምትሆን ሴት ናት። እኔ በተዳርኩበት ዓመት ግድም ነው የመጣችው፤ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጽዳት ትሠራለች። አጥራችን አንድ ነው። ስታመም ጎመን ቀቅላ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለኛለች፤ ሁለት ጊዜ ሲያስወርደኝም አንሶላዬን ያጠበችልኝ እሷ ናት። ስለ ራሷ ግን አታወራም። ቤቷ ውስጥ ልጅ ስላላየሁ መካን ናት ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷ የልጅ ነገር ላለማንሳት እጠነቀቅ ነበር። ጨዋነት መስሎኝ ነው።

አንድ ጊዜ ንጉሤ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። ገዢዎቹ ድፍን ዕቃ ጠልተዋል አለ፤ የተሰበረና የተጠገነ ነው የሚፈልጉት። መከራ ያላየ ነገር ማን አሮጌ ይለዋል እያለ ተሳለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋንግዛው የሠራውን መስበር ጀመረ።

ዝም ብሎ ግን አይሰብርም። ዕቃውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳብሰዋል። ምን ደረሰብህ ይለዋል። እውነቴን ነው፣ እንደ ሰው ነው የሚጠይቀው። ቆይቶ መዶሻውን ያነሳና አንድ ቦታ ላይ ይመታል፤ የተሰነጠቀውን በናስ ሽቦ ይጠግነዋል። ለምን እዚያ ቦታ እንደመታው ስጠይቀው ይከፋዋል፤ የሆነበትን ነው ያደረግኩለት ይለኛል። አሮጌ ዕቃ ሲያቅፍ ውሎ ራሱ አረጀ ብዬ ተረብኩት።

ኤርጎ የሚባሉ የአሪ ሽማግሌ ማጭድ ሊያስሉ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ማጭዳቸው እስኪሳል በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ በርኩማ አዩ። አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣ ከሥሩ በእሳት የጠቆረ፣ መያዣው በቆዳ የተጠቀለለ ነው። ሽማግሌው ተነስተው አወረዱት፣ ጉንጫቸውን አስደገፉበት፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ።

«ይሄ የአባቴ ነው» አሉ። «ቤት ተቃጠለ፣ እኔ ያኔ ልጅ ነበር። ሰው ይሄን ወሰደ። እዚህ ከቆዳው ሥር ጥርስ አለው፤ አባቴ በቢላ ጠረበ።»

ሳቄ መጣ። ያ በርኩማ የተጠረበው ባለፈው ክረምት ከተማሪ ቤቱ ጀርባ ነፋስ ከጣለው ዋንዛ ነው፤ ፍቅፋቂውን አንድጄ ሽሮ ያበሰልኩበት እኔ ነኝ። ቆዳውን ባሌ ስለጠቀለለው ግን ከሥሩ ምን እንዳለ አላየሁም። ሽማግሌው ከስህተታቸው ይመለሱ ብዬ ቆዳውን ፈታሁት። ከሥሩ በቢላ የተከረከሩ ትናንሽ ጥርሶች በአንድ መስመር ተደርድረዋል።

ዞር ብዬ ሸዋንግዛውን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ማንም የማያየውን ነገር ለምን ጠረብክ ብዬ ብጠይቀው፣ ጥርሶቹ እዚያ መኖር እንዳለባቸው እጁ ነግሮት እንደሆነ ብቻ መለሰልኝ። በርኩማውን ለሽማግሌው ሰጠናቸው። ብብታቸው ሥር አድርገውት ሄዱ፤ ማጭዳቸውን ረስተውት ነበር።

ንጉሤ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽማግሌው ብልጥ ናቸው፣ ሁሉም በርኩማ ላይ ጥርስ አይጠፋም አለ። እኔም ልቤ ስለፈራ እሱን ማመን ወደድኩ። ብዙም ሳይቆይ እልፍነሽ የምትባል አረቄ ሻጭ የተበሳ ማንቆርቆሪያ ልታስበይድ መጣች። አያቷ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ጂንካ አጠገብ ባኮ የሰፈሩ ናቸው። ሸዋንግዛው ከሠራቸው የቀንድ ዋንጫዎች አንዱን፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ በብር የተለበጠውን፣ ጠረጴዛው ላይ አየችው። እሷ አላለቀሰችም፤ የአያቴን ዋንጫ ማን ሸጠላችሁ ብላ አፈጠጠችብን። በቅሎ ረግጣው ነው የተሰነጠቀው አለች። አያቷ ከመለበጣቸው በፊት ወንድሙ የተባለውን የበኩር ልጃቸውን ስም መነሻ ፊደል ቀንዱ ላይ ጭረውበታል አለች። ሸዋንግዛው ብሩን በጉጠት አነሳው። ከሥሩ «ወ» ተጭሯል። ቀንዱ ባለፈው ፋሲካ የታረደው የጎረቤት በሬ ቀንድ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ቀቅዬ ያለሰለስኩት።

እልፍነሽ ዋንጫዋን ይዛ፣ ለቀበሌ እከሳችኋለሁ እያለች ሄደች። የክሱ ነገር አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሆዴ ነው። ሁለት ጊዜ ከጨነገፈብኝ በኋላ ሦስተኛው ጸንቶ፣ መገላበጥ ጀምሮልኝ ነበር። ሸዋንግዛው ከዚያ ቀን ወዲህ በርኩማም ዋንጫም አልሠራም አለ፤ እጁን ውሃ ነክሮ ያየዋል፣ ጨርቅ ይጠቀልልበታል። እኔ ግን የተረፈው ዕቃ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ሌላውን ሁሉ ንጉሤ ወስዶታል። ቤት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ሊያሳየኝ አልፈለገም። ስጨቀጭቀው ከመሣሪያ ሳጥኑ ታች አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

የሕፃን አምባር ነው። ከቀለህ የቀለጠ ናስ፣ ድፍን ክብ፣ ከውስጥ በኩል አንድ ክንዱ የጎደለ ትንሽ መስቀል ተጭሮበታል። አንድ ቦታ ላይ በመጋዝ ተቆርጧል። አቆራረጡ የባለሙያ አይደለም።

«ይሄስ ምን ደረሰበት?» አልኩት።

«ተቆረጠ።»

«ለምን ተቆረጠ?»

«እጄ ያውቅ እንደሆነ እንጂ እኔ አላውቅም፣ ባዩሽ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

የአንጥረኛ ሚስት ነኝና ይህን አውቃለሁ። የሕፃን አምባር ሲጠብ በሳሙና ይወልቃል። በመጋዝ የሚቆረጠው እጅ ሲያብጥ ነው፤ ወይም እጁ ደርቆ አልታጠፍ ሲል። የበርኩማው ባለቤት መጡ፣ የዋንጫዋ ባለቤት መጣች። የዚህ ባለቤት ካልመጣች፣ ገና አልተወለደችም ማለት ነው፤ ማሕፀኔ ውስጥ ያለችው ሴት ልጅ መሆኗን ደግሞ ልቤ ነግሮኛል። ሆዴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ሸዋንግዛው እናቅልጠው አለ። እምቢ አልኩት። ማቅለጥ ማለት የልጄ ነው ብዬ ራሴ እንደመፍረድ ሆኖ ታየኝ፤ ደግሞስ ከቀለጠ በኋላ ባለቤቷን በምን አገኛታለሁ? አንዲት ሴት፣ የትም ትሁን የት፣ ይሄ የልጄ ነው ካለች ልጄ ተረፈች። ስለዚህ ፍለጋ ወጣሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የምፈልገው ልጇ የሞተባትን እናት ነው። ሌላ ሴት ሐዘኗን ይዛ እንድትመጣልኝ እየተሳልኩ ነበር።

ጂንካ ውስጥ ለማንም አላሳየሁም። ነፍሰ ጡር ሴት የተቆረጠ የሕፃን አምባር ይዛ ትዞራለች ከተባለ የሚከተለውን ሐሜት አውቀዋለሁ። ለብዙወርቅ እንኳ አልነገርኳትም፤ ልጅ ያልሳመች ሴት ፊት እንዲህ ያለውን እንዴት ብዬ ላንሳ። ዘመድ ልጠይቅ ነው እያልኩ ገዘር ገበያ ሄድኩ። ቅቤ ሻጮቹን፣ ሸክላ ሠሪዎቹን፣ እህል የሚሰፍሩትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዲት ወጣት አምባሩን ስታይ ዓይኗ በራና የእኔ ነው አለችኝ። ልቤ ሊዘል ምንም አልቀረው። ከውስጡ ምን አለ ብዬ ስጠይቃት ግን ምንም የለም አለች፤ ናሱ አምሯት ነው። ነጥቄያት ሄድኩ።

ካኮ ገበያ ደግሞ በንጉሤ መኪና ሄድኩ፤ ንጉሤ ጋቢናውን ለቀቀልኝ፣ ነገሩን ግን አልነገርኩትም። የበናና የሐመር ሴቶች ማሽላቸውንና ቅላቸውን ይዘው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ክንዳቸው እስከ ክርን ናስና ብረት ነው፤ ስለ አምባር የማያውቁት የለም። እየዞርኩ አሳየኋቸው፤ ሳቁብኝ፣ አገላብጠው መለሱልኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት የበና አሮጊት ተቀበሉኝ። ሌሎቹ እንዳደረጉት አላገላበጡትም። ቁርጡን በምላሳቸው ነካ አድርገው ዓይናቸውን ሆዴ ላይ ጣሉ።

«ይሄ ቆረጠ አይደለም» አሉ በገበያ አማርኛቸው።

ተቆርጧል እኮ እማማ፣ ይኸው ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።

«አይደለም። ገና ነው» አሉና አምባሩን መዳፌ ውስጥ አድርገው ጣቶቼን በላዩ አጠፏቸው። ከዚያ በኋላ ቅቤያቸውን መሸጥ ቀጠሉ።

ስመለስ በመንገድ ሁሉ አምባሩን ከእጄ አላወጣሁትም። አውራ ጣቴ ሁልጊዜ ቁርጡ ላይ ነው፤ ስቀመጥ እሸዋለሁ፣ ስተኛ እሸዋለሁ። እበት ውስጥ ተቀብሮ የጠቆረው ናስ ቁርጡ ጋ ጠርቶ እንደ አዲስ አበራ። ሸዋንግዛው አይቶት፣ ዕድሜ ልክሽን ስታስረጂ ኖረሽ አሁን ማሳደስ ጀመርሽ አለኝ። ሊያስቀኝ ብሎ ነው፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ልጄ በሰላም ተወለደች። ሙሉነሽ አልናት። እጇን፣ ጣቶቿን፣ የእጇን አንጓ ሳይ እውላለሁ፤ ያበጠ መሰለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ሸዋንግዛውን ከሥራ ጠርቼዋለሁ። ማንም ሰው ለዚች ልጅ የብረት ዘር እንዳያስርላት አልኩ። ለሰው ቆዳዋ ይቆጣል እያልኩ ነገርኩ። አንድ ዘመድ ያመጣላትን የብር ቀለበት መለስኩ፤ አማቴ ከአንገቷ ያወለቀችውን መስቀል በክር ብቻ አስሬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የተቆረጠውን አምባር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሸዋንግዛው ማጭድና ማንቆርቆሪያ ብቻ እየጠገነ መኖር ጀመረ፤ ንጉሤም አኩርፎ ቀረ። ብዙወርቅ ልጅቷን አቅፋ ስትውል አንዳንድ ጊዜ ታለቅሳለች። አምሯት ነው ብዬ አዘንኩላት፤ ለዚህም ነው የክርስትና እናት እንድትሆናት የመረጥኳት።

የክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤቱ በጎረቤት ተሞላ። ብዙወርቅ ሙሉነሽን ታቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ የመቀነቷን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ሌላ የምሰጣት ነገር የለኝም፣ ካለኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ይሄ ነው እያለች የልጄን ጣቶች ሰብሰብ አደረገቻቸው። በሌላው እጇ የናስ አምባር ይዛለች።

እስቲ ልየው እትዬ አልኳት። ቅር ሳይላት ሰጠችኝ። አልተቆረጠም፤ ድፍን ነው። ወደ በሩ ብርሃን ዞሬ ውስጡን አየሁ። አንድ ክንዱ የጎደለ ትንሽ መስቀል አለበት።

አእምሮዬን ስቼ ነበር ብዬ አላመካኝም፤ የማደርገውን አውቄ ነው ያደረግሁት። ይህ አምባር መቆረጡ ካልቀረ፣ እጅ ሳይገባበት፣ ባዶውን እያለ፣ ዛሬውኑ ይቆረጥ አልኩ። ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ፣ ሞርሳው ውስጥ አጠበቅሁት፣ መጋዙን አነሳሁ። ብረት ቆርጬ አላውቅም። መጋዙ እየተንሸራተተ ጣቴን ቀደደኝ፤ አላቆምኩም። ሲያልቅ ናሱ በእጄ ውስጥ ሞቆ ነበር። ይዤው ወደ ሰው ተመለስኩና አበቃ፣ ከእንግዲህ ልጄን አይነካትም አልኩ።

ብዙወርቅ የተቆረጠውን አምባር አየች፣ እኔን አየች። ልጄን ቀስ ብላ አማቴ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«ይሄ የልጄ ነው» አለች።

ልጅ እንደነበራት የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

«ያለምወርቅ ነበር ስሟ። ኦሞራቴ ላይ በወባ ሞተችብኝ። አባቷ ከቀለህ አሠርቶላት፣ መስቀሉን በምስማር ሲጭር እጁን ስቶት ጎደለበት። ስትሞት ክንዷ ከስቶ ነበር፤ አምባሩ ራሱ ነው የወለቀው። እንኳን አልተቆረጠ ብዬ ነበር።»

ስፈልጋት የከረምኩት ሴት እዚህ ነበረች። ገዘርና ካኮ ድረስ ልጇ የሞተባት እናት ስፈልግ፣ አንሶላዬን ያጠበችልኝን ሴት አንድ ቀን ልጅ ነበረሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። አፍሬ ምድር ብትውጠኝ ወደድኩ። ቢሆንም ልጄን እያየሁ ሌላም ስሜት ነበረኝ፤ ሕይወቷ ተመለሰልኝ አልኩ በልቤ። ሁለቱ ስሜት በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም፣ እኔ ግን ያን ቀን ይዣቸው ነበር።

ሸዋንግዛው ሳጥኑን ከፍቶ እሱ የሠራውን አምባር አመጣ። ያበድኩ እንዳይመስላቸው ብሎ ነው። ስለ በርኩማው፣ ስለ ዋንጫው፣ እጁ ስላስቆረጠው አምባር ሁሉንም ተናገረ። ጎረቤቶቹ ሁለቱን አምባሮች እየተቀባበሉ አዩ። አንዱ ለሌላው ይሰጣል፣ ያኛው ከዚህኛው ጋር ያስተያያል፣ አማትበው የሚመልሱም አሉ። ክቡ አንድ ነው፣ መስቀሉ አንድ ነው። ሸዋንግዛው ሆን ብሎ ያበላሸው አቆራረጥና እኔ ባለማወቅ ያበላሸሁት አንድ ነው። ዞረው ዞረው ብዙወርቅ ጭን ላይ አረፉ። አንዱን አነሳች፣ አስቀመጠችው፣ ሌላውን አነሳች።

«የያለምወርቅ የቱ ነው?» አለች።

አዲስ የተቆረጠው ያበራል ብዬ ቀረብኩ። ሁለቱም ቁርጦች ያበራሉ፤ አንዱን ያበራው የዛሬው መጋዝ ነው፣ አንዱን ያበራው የወራት አውራ ጣቴ ነው። ከጣቴ የነካው ደም በሰው እጅ ተዳርሶ ሁለቱንም ነክቷቸዋል። ሸዋንግዛው ወደ በሩ ወስዶ ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሳቸው፤ አንዱን የሠራው እሱ ነው፣ እሱ እንዴት ያጣዋል ብለን ሁላችንም ጠበቅን። ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ እንባው ጢሙ ላይ ወርዶ ነበር፤ እጄ ሁለቱም የልጅሽ ናቸው ነው የሚለኝ፣ እትዬ አላት።

ሁለቱንም ውሰጃቸው ብዬ ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ልጅ ነው የቀበርኩት» አለች።

አንዱን አሸተተች፣ ሌላውንም አሸተተች። በመጨረሻ አንዱን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ ብላኝ ወጣች። በክርስትናው ዕለት እንዲያ ያለ መርገም የሌለበት ምርቃት ከመርገም በላይ አቃጠለኝ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሙሉነሽ ፊደል ቆጥራ አሁን ተማሪ ቤት ትሄዳለች፤ ክንዷ ባዶ ነው፣ ታማም አታውቅም። ብዙወርቅ በዚያው በክርስትናው ሳምንት ወደ ቤታችን መጣች። የወሰደችውን አምባር ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ይሄ ሳይሆን ያኛው ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። ከወር በኋላ ደግሞ መጣች፣ ያንኑ መልሳ የመጀመሪያውን ወሰደች። እስከ ዛሬ ትመጣለች። ሌሊት በሕልሟ ያለምወርቅ አኩርፋባት እንደሆነ አንዳንዴ ትነግረኛለች፣ አንዳንዴ ምንም አትልም። እኔም በሩን ከፍቼ፣ እሷ ጋ የሌለውን አውጥቼ እሰጣታለሁ። ተቀብላ፣ የሙሉነሽን ግንባር ስማ ትሄዳለች።